የተጠቃሚ ብዛት

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ሥራዬ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። በተግባር ግን ቶሎ ገባኝ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ ማላቀቅ፣ የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው ሌላ መስጠት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሥራ አስኪያጁን ኮምፒዩተር መልሶ ማስነሳት ነው። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ። እናቴ "ይች ልጅ ሳይጥዷት ትፈላለች" ትለኝ ነበር። ፕሪንተር ደግሞ ቁጡ ሰው አይወድም፤ እኔና እሱ ስንጣላ ነው የኖርነው።

ዩኒየኑ ከጉና ተዳፋት የቢራ ገብስና የዘር ድንች እየሰበሰበ ይሸጣል፤ ለአባላቱም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። ይህ ሁሉ የሚታቀደው ግን በየክፍሉ በተበታተነ ሠንጠረዥ ነበር። የግዢ ክፍሉ የሚያውቀውን መጋዘኑ አያውቅም፤ መጋዘኑ የሚያውቀውን ሾፌሮቹ የሚሰሙት በወሬ ነው። አንድ ዓመት ገብሱ ሲደርስ መጋዘኑን ማዳበሪያ ሞልቶት ተገኘና ጆንያው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ጠጣ። ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበትን ገብስ እዚያው ሲበቅል ቆሞ አየው። ስለዚህ ምን ያህል ምርት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቀበሌ መቼ ምን ዘር እንደሚደርሰው ባንድ ላይ የሚያቅድ ሶፍትዌር ሊገዛ ነው ሲባል ከልቤ ደስ አለኝ። ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሶፍትዌሩን የሚሸጥልን የአዲስ አበባ ሰው በስልክ ሲያነጋግረን መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ሌላ ነበር። "ሰርቨር ለምን ትገዛላችሁ? ደመና ላይ እናስቀምጥላችሁ" አለ። በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ ባለ ማሽን መጠቀም ማለቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ደመናስ እዚህም ሞልቷል" አሉት። "ጉና ላይ ዓመቱን ሙሉ ነው። እኛን የቸገረን መብራትና ኔትዎርክ ነው።"

ልክ ነበሩ። ኔትዎርኩ በፈለገው ቀን የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መብራቱም ይከተለዋል። ማሽኑ እኛው ጊቢ ቢሆን ይሻላል በሚለው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተስማማን። ከእሳቸው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተስማማሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሻጩ የሚስማማንን ማሽን ዝርዝር ሲልክልን ሳነበው ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ቁም ሳጥን የሚያህል ሰርቨር ነው። ባንክ ቤት የማውቀው ዓይነት፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጥ። ለብቻው የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል፤ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከአቧራ የራቀ፣ ቀዝቃዛና ተቆልፎ የሚቀመጥ ክፍል ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ጊቢያችን የገብስ አቧራ የማይደርስበት ቦታ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ግን ደስ ብሏቸዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው "እንዲህ ያለ ማሽን በዞኑ ማንም የለውም" አሉኝ። ክፍሉንም ወዲያው አገኙለት፤ የጉና ቤት ነው።

የጉና ቤት ከጊቢው በስተኋላ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው። ስሙ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ሰው ግን እንደዚያ ነው የሚጠራው። መኪና ከማይደርስባቸው የጉና ቀበሌዎች ምርት በአህያና በበቅሎ ጭነው የሚመጡ አባላት በዚያው ቀን መመለስ ስለማይችሉ እዚያ ያድራሉ። ገለባ ጎዝጉዘው፣ አጎዛ አንጥፈው፣ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። ከብቶቻቸው ከበሩ ፊት ለፊት ይታሰራሉ። ከሚያድሩት አንዱ አባቴ ናቸው።

እኔ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቻለሁ፤ አልጋም ፍራሽም አለኝ። አባቴን ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። "በቅሎየን ለማን ጥየ?" ይላሉ። በቅሎዋን ይዘዋት እንዳይመጡ የአከራዬ ጊቢ ለዶሮ እንኳ አይበቃም። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ በቅሎዋ ብቻ አይደለችም። የጉና ቤት ውስጥ የሚያገኟቸው ሰዎች አሉ፤ የገብስ ዋጋ፣ የድንች በሽታ፣ የእገሌ ልጅ ሠርግ የሚወራው እዚያ ነው። ከእኔ ዘንድ ቢያድሩ የሚያወሩት ከግድግዳ ጋር ነው።

ሻጩ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለክቼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ቴርሞሜትር ተውሼ አንድ ማለዳ ገባሁና ለካሁ፤ ቁጥሩን ስነግረው ተደሰተ። "ይኼን ቅዝቃዜ እኛ አዲስ አበባ የምናገኘው ማቀዝቀዣ ሌትና ቀን አስነስተን ነው። ለማሽን በጣም ተስማሚ ክፍል ነው" አለኝ። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ብዙ ያስጨነቀኝን ነገር ጠየቅኩት። ይህን የሚያህል ማሽን ለምን አስፈለገን?

"በተጠቃሚያችሁ ብዛት ነዋ" አለኝ።

"ስንት ተጠቃሚ አለን ተብለህ?"

የነገረኝ ቁጥር የዩኒየኑ አባላት ቁጥር ነበር፤ ከነቤተሰባቸው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለኮምፒዩተር ሰው ተጠቃሚ ማለት ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የሚሠራ ሰው ነው። እኛ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው ቢቆጠር፣ የሒሳብ፣ የግዢ፣ የመጋዘንና የዕቅድ ሠራተኞች ተደምረው አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። በሪፖርት ቋንቋ ግን ተጠቃሚ ሌላ ነው፤ ከሥራው ጥቅም የሚያገኝ ሁሉ ተጠቃሚ ነው። ማዳበሪያ የወሰደ፣ ዘር የደረሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ ጭምር።

"ባንድ ጊዜ የሚገቡት ስንት ናቸው ብዬም ጠይቄያቸዋለሁ" አለ ሻጩ ራሱን ሲከላከል። "ሥራ አስኪያጁ 'ሁሉም እኩል ተጠቃሚ ነው፣ ወደኋላ የሚቀር የለም' አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ?"

ምን ያድርግ። ሳቄም ንዴቴም ባንድ ላይ መጣ። ንዴቴ ቀደመና ቀጥ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ።

ሥራ አስኪያጁ መጥፎ ሰው አልነበሩም። ደኅና ተናጋሪ፣ ሠራተኛ የማያሳድዱ፣ የበታቾቻቸውን ለቅሶ የሚደርሱ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን ሪፖርት ሲጽፉ ነው፤ በሪፖርት ዓለም ደግሞ የማይነካ ነገር ቢኖር የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ከዓመት ዓመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጉዳዩን ሳስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስለዚህ ገበሬው ተጠቃሚ አይደለም ነው የምትይኝ?"

"በኮምፒዩተር ቋንቋ አይደለም።"

"እኔ በኮምፒዩተር ቋንቋ አይደለም የምሠራው። ተጠቃሚ ቀነሰ የሚል ወረቀት ከዚህ ቢሮ ወጥቶ አያውቅም፤ በእኔ ጊዜም አይወጣም።"

"ወረቀቱን ተዉት፤ ማሽኑ እኮ ከሚያስፈልገን በላይ ነው። መብራቱን አንችለውም። ቢበላሽ መለዋወጫው ባሕር ዳር እንኳ አይገኝም። ደግሞ የጉና ቤትን ይወስዳል።"

እዚህ ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አልወደድኩትም።

"እሱን ነበር ስጠብቅ" አሉ። "አባትሽ እዚያ እንደሚያድሩ አውቃለሁ። እስቲ ለራስሽ ንገሪው፣ ይኼ ክርክር ለሥራው ነው ወይስ ለአባትሽ መኝታ?"

ወጥቼ በሩን ወርውሬ ልዘጋው ፈለግኩ። የቢሯቸው በር ግን ከታች ሲሚንቶውን ስለሚቧጭር አይወረወርም፤ በሁለት እጅ እየገፉ ነው የሚዘጉት። ተናድጄ እየተንደፋደፍኩ ዘጋሁት። ያናደደኝ ውሸት መሆኑ አልነበረም። ለየትኛው እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቅም ነበር። ማሽኑ ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቤቱ ባይነካ ግን ይህን ያህል እጮህ ነበር ወይ? አባቴ ደረታቸውን ያማቸዋል። ብርድ ከመታቸው ሳምንት ያስላቸዋል። የጉና ቤት ከተወሰደ የሚያድሩት በረንዳ ላይ ነው፤ እዚያም በቅሎዋን አይተዉም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገብስ ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲያራግፉ ጠብቄ የጉና ቤት በር ላይ ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ነገርኳቸው። ሰው ከሚነግራቸው ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

"ቤቱን ለማን ሊሰጡት ነው?" አሉኝ።

"ለማሽን ነው፣ አባየ።"

"ማሽኑስ ለማን ነው?"

"ለእናንተ። ለአባላቱ።"

አባቴ ቶሎ አይስቁም፤ ያን ቀን ግን ሳቁ። "ፊት የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው አሉ" አሉ። ቀጥለው ፊታቸው ኮስተር አለ። "አንች ግን በኔ የተነሳ እንዳትናገሪ። እኔ የትም አድራለሁ። ስንት ተምረሽ ያገኘሽው ሥራ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጀ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ መጋዘን ውስጥ ለሚውል ሰው ትልቅ ምክር ነው። ነገር ግን ዝም ባይነቅዝም ቤት ያስነጥቃል። ይህን ለአባቴ አልመለስኩላቸውም። በእሳቸው ላይ አፍ አልከፍትም፤ የምከፍተው በሌላው ላይ ነው።

ግዢው የሚጸድቀው በቦርዱ ነው፤ ቦርዱም በማግሥቱ ተሰበሰበ። የቦርዱ ሰብሳቢ ገና በቅርቡ የተመረጡ፣ የጉና ሥር ደብር የሚያገለግሉና ራሳቸውም የሚያርሱ ቄስ ናቸው። ከቦርዱ አባላት መካከል በይፋግ በኩል የመጡ፣ በግራቸው ያርሱ በቀኛቸው ይነግዱ የሚባሉ ሙስሊም አዛውንትም ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑን አስረዱ። ጥሩ አድርገው ነው ያስረዱት፤ ሰምቼ እኔም ልገዛው ቃጣኝ። ከዚያ የባለሙያ አስተያየት ካለ ይሰማ ተባለና ተነሣሁ።

ከመነሣቴ በፊት ያሰብኩበት አንድ ነገር ነበር። "ተጠቃሚ" የሚለውን ቃል ከነካሁ ተሸነፍኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ተጠቃሚ ቀንሱ ብሎ የሚያሸንፍ ሰው አልተወለደም። ስለዚህ ሌላ ቃል ያስፈልገኛል። ቃሉን ግን እዚያው ቆሜ፣ የሰብሳቢውን ነጭ ጥምጥም እያየሁ ነው ያገኘሁት።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አልኩ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በደብርዎ ቅዳሴ ለመቀደስ ስንት ልዑካን ያስፈልጋሉ?"

ጥያቄው አልገባቸውም፤ መልሱ ግን አፋቸው ላይ ነበር። "ከአምስት አያንስም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን።"

"የመጣው ምእመን እጅግ ብዙ ከሆነስ?"

"ቢበዛም ያው ነው። ቅዳሴው ለሁሉ ይደርሳል።"

"እንግዲያ መቅደሱ የሚሠራው በምእመኑ ልክ ነው ወይስ በሚቀድሱት ልክ?"

ሰብሳቢው ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ከመመለሳቸው በፊት የይፋጉ አዛውንት ቀደሟቸው። "እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው" አሉ። "ሰጋጁ ብዙ፣ አሰጋጁ አንድ።"

ከዚያ በኋላ ቀለለኝ። ሰርቨሩ እንደ መቅደስ ነው አልኳቸው፤ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ የሚጠቅመው ግን ለሁሉ ነው። ገበሬው ተጠቃሚ ነው፤ ቁጥሩም አንድ ሰው አይቀነስም። ማሽኑ የሚለካው ግን በልዑካኑ ነው፤ የይለፍ ቃል ይዘው በሚገቡት። ለእነሱ ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰርቨር ይበቃል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተካ ሁለት ዲስክ ይኑረው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ይጻፍባቸው። ማስታወሻው፣ ሚሞሪ የሚሉት፣ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ዕቅድ ሲሰላ የሚበላው እሱን ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪ ይዞ በሥርዓቱ የሚያጠፋው ጥሩ ዩፒኤስ ይኑረው፤ በእኛ ከተማ ከማሽኑ እኩል የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሲበላሽ ደግሞ ባሕር ዳር የሚጠገን ይሁን።

ሥራ አስኪያጁ ሲያዳምጡ ቆዩና እጃቸውን አነሡ። "ተጠቃሚው አይቀነስም?" አሉ።

"አይቀነስም።"

"እንደዚያ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ይጻፍ" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ትልቁ ማሽን አላነሡም። ሰውየው የተከላከሉት ማሽኑን ሳይሆን ቃሉን ነበርና ቃሉ ከተረፈላቸው በቃቸው።

ልቀመጥ ስል ግን የቀረ ነገር ነበር፤ ሌላ ሰው ከሚያነሣው እኔ ላንሣው ብዬ ተናገርኩ። "ደግሞ ላልደብቃችሁ፤ አባቴ የሚያድሩት የጉና ቤት ነው። ይህን የምናገረው 'ለአባቷ ብላ ነው' እንዳትሉኝ ነው። ብትሉኝም ግን ማሽኑ ያው ነው።" ይህን ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው አዩኝ። "እኔስ ትናንት የት ያደርሁ ይመስልሻል?" አሉ። "ካባትሽ ጎን ነው። ሌሊቱን ሲያስሉ ነው ያደሩት።"

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብለው ሰብሳቢውን ተመለከቷቸው፤ ከዚያ ብዕራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ብዕሩ እጃቸው ላይ ነበር። የጉና ቤት ጉዳይ በዚያው አለቀ።

ሰርቨሩ ከወራት በኋላ መጥቶ ሒሳብ ክፍል ጥግ ተቀመጠ። በቢሯችን የይለፍ ቃል ያለው ሰው እስከ ዛሬ "ልዑክ" ይባላል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ "ልዑክ ነህ ወይስ ምእመን?" ብለው ይጠይቁታል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው እየቀነሰ ነው። የዚያ ዓመት ገብስ ሲገባ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ሜዳ ላይ ያደረ ጆንያ አልነበረም።

አባቴ ማሽኑን ለማየት የጠየቁኝ በዚያው ወቅት ነው፤ ገብሳቸውን አስረክበው። ባናቸውን እንደለበሱ ሒሳብ ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ጎንበስ ብለው ከፊትም ከጎንም አዩት። "ያ ሁሉ ወሬ ለዚች ነው?" አሉ። ከዚያ ከበስተኋላው እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚነፍሰው አየር መዳፋቸውን አገኘው።

"ትሞቃለች እኮ" አሉኝ።

"ስትሠራ ትሞቃለች። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ቦታ የምትፈልገው።"

"ትልቋንም የኛን ቤት የመረጡላት ለዚህ ነበር?"

"አዎ። ቅዝቃዜው ለማሽን ይስማማል ተብሎ ነው።" ተስማሚ መሆኑን የለካሁት እኔ ነኝ አላልኩም። ያን ማለዳ ቴርሞሜትሩን ይዤ ስገባ ገለባው ገና የተኛበትን ሰው ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ቁጥሩን አንብቤ ወጣሁ። ስለዚያ ቤት ያን ያህል ስንከራከር እንደሚበርድ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ለማሽኑ ካልሆነ በቀር። አፈርኩ።

አባቴ ትንሽ ሳሉ፤ ሳሉና ሳቁ። "ዲያ ትልቋን ምነው ከለከልሽን፣ ልጀ" አሉ። "አብራን ብታድር ኖሮ እሷም ይበርዳት፣ እኛም ይሞቀን አልነበር?"

እጃቸውን ግን ከማሽኑ ኋላ አላነሡም።